ጤነኛ ክር

እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ለሁሉም «ቀማሹ» ነው። ስሙን ብቻ ሰምተው ነገሩ የመጠጥ የመሰላቸው አንዳንድ እንግዶች ጠርሙስ ይዘው መጥተው ያውቃሉ፤ እሱም አላሳፈራቸውም። የሚቀምሰው ግን የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው።

ከግድቡ ዳር ባለች የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ መስኮቱን ከተጠጋች ጠባብ ጠረጴዛ ኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። ሥራው ሰው የማጥመጃ ዘንጉን የክር ማጠንጠኛ ይዞ ሲመጣ የሚሆነውን ክር መርጦ መሙላት ነው። ከዚያ በፊት ግንበኛ ነበር። ሲሚንቶው የጣቶቹን ቆዳ በልቶ በልቶ ሲጨርስ፣ በምትኩ እንደ ሰኮና የደደረ ሌላ ቆዳ አበቀለበት። በነዚያ ጣቶች የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ ያወርዳል፤ ክር ላይ ያለች ጭረት ግን በጭራሽ አያገኝም። ስለዚህ የሚፈትሸው በከንፈሩ ነው። ክሩን በሁለቱ ከንፈሮቹ መሃል ያስገባና ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ እያለ ይስበዋል። ለዓይን የማትታይ ጭረት ብትኖር እዚያው ላይ ቆም ይልና «ቁስል አለው» ይላል። ከሌለ ደግሞ «ጤነኛ ነው» ይላል። ከነዚህ ሌላ ቃል አይጨምርም። ደንበኛው ለዚህች አጭር ቃል ሲል ሁለት ሱቅ አልፎ ይመጣል።

ክር ክር ነው፣ ምኑ ይቀመሳል የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ባስ የሚባለውን ዓሣ ይዞ የማያውቅ ነው። ግድቡ ሲሞላ አንድ ሙሉ ጫካ ውጦ ነው የተኛው፤ የደረቁት ዛፎች ዛሬም ውሃው ውስጥ እንደቆሙ ናቸው። ባስ አፉ ሰፊ፣ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ቤቱም እዚያ ግንድና አረም መሃል ነው። መንጠቆ ሲይዘው እንደ ጨዋ ዓሣ ወደ ገላጣው ውሃ አይሮጥም። ቀጥ ብሎ ወደ ግንዱ ነው። አንዴ ከዞረበት ክሩን እንጨት ላይ ይሞርደውና ደህና ሰንብት ይልሃል። ናይለን ክር ይለጠጣል፤ አንተ እስክትስበው እሱ ዞሮ ጨርሷል። ጉንጉን ክር ብርቱ ነው፤ ግን የጠራ ውሃ ውስጥ ከሩቅ ይታያል፣ እንጨት ላይም ይተለተላል። የቀረው ፍሎሮካርቦን ነው፤ የሱቁ ሰዎች አሳጥረው ፍሎሮ ይሉታል። ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ይሰምጣል፣ ብዙም አይለጠጥም፣ ቆዳውም ደረቅ ነው።

ፍሎሮም ከፍሎሮ ይለያል። ለስላሳው ማጠንጠኛው ላይ አርፎ ይቀመጣል፣ ሲወረውሩት ሩቅ ይሄዳል፣ ገዥም በእጁ ሲነካው ደስ ይለዋል። ደረቁ ግን እየተጠቀለለ ይዘላል፣ ያናድዳል። ቀማሹ ዛፍ መሃል ለሚያጠምድ ሰው ሁልጊዜ ደረቁን ነው የሚሰጠው። ደንበኛው ፊቱን ሲያጨማድድ፣ «መወርወሩን ትለምደዋለህ፤ ተበጥሶ የሄደ ክር ግን አይለመድም» ይለዋል። አሁንም ያላመነ ካለ፣ ጠረጴዛው ላይ ከግድቡ የወጣ ጉቶ አለ። ሁለቱንም ክር ተራ በተራ አርባ ጊዜ ጉቶው ላይ ያመላልስና በከንፈሩ ይስባቸዋል። ለስላሳው ቆስሎ ይገኛል።

አምና ከታችኛው ከንፈሩ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ወጣችበት። ሐኪሙ በጊዜ መምጣቱን አመሰገነና ቆርጦ አወጣለት። እብጠቷ ተመልሳ አልመጣችም። ተመልሶ ያልመጣው ሌላ ነገር ነው። «ነርቩ ተነክቷል፤ ከጊዜ ጋር ስሜቱ ይመለስ ይሆናል» ብሎት ነበር ሐኪሙ። ቀማሹ «ይሆናል»ን መንገድ ላይ አራገፋትና «ይመለሳል»ን ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ። ወር ጠበቀ፣ ሦስት ወር ጠበቀ። የታችኛው ከንፈሩ የሌላ ሰው ከንፈር እንደሆነ ቀረ። የላይኛው ብቻውን ደግሞ ምንም አይነግረውም።

የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ነግሯት ሳይሆን ሻይ ሲጠጣ አይታው ነው። ሻዩ በአገጩ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ሲል እሱ አይሰማውም። «አንተ ሰውዬ፣ አገጭህን» ትለውና ጨርቅ ታቀብለዋለች።

አንድ ቀን ጨርቁን እንደያዘች፣ «ለእትዬ ለምን አትነግራቸውም?» አለችው። እትዬ የሱቁ ባለቤት ናቸው።

«ምኑን?»

«ምኑን ታውቀዋለህ።»

«ድኛለሁ እኮ። ጤነኛ ነኝ።»

እሷም ነገሩን ተወችው፤ ጨርቋን ግን ከዚያ በኋላ አጥፋ ከብርጭቆው አጠገብ ማስቀመጥ ለመደች።

ለምን ደበቀ ቢባል፣ ፈርቶ ነው። ከንፈሩን ከቀነሱበት የሚቀረው መስኮት ሥር ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማንም ሁለት ሱቅ አልፎ አይመጣም። መጀመሪያ ላይ ጉዳትም ያለው አልመሰለው። ከፋብሪካው ቆስሎ የሚመጣ ክር ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው፤ የትኛው ክር ለየትኛው ውሃ እንደሚሆን ደግሞ ጭንቅላቱ እንጂ ከንፈሩ አይደለም የሚያውቀው። ስለዚህ ክሩን እንደ ድሮው ከንፈሩ መሃል እያስገባ፣ እንደ ድሮው ዓይኑን እየጨፈነ፣ «ጤነኛ ነው» ማለቱን ቀጠለ። በዚያ ሰሞን ሦስት አራት ሰው ክር ተበጠሰብኝ ብሎ ተመልሶ መጥቶ ነበር። «ቋጠሮውን በምራቅ ሳታርስ አጥብቀኸው ነው፤ ፍሎሮ በደረቁ ሲቋጠር ራሱን ያቃጥላል» አላቸው። እውነት ነው፣ ያቃጥላል። ሰዎቹም ጥፋቱን በራሳቸው ወስደው ሄዱ።

ታላቅ ወንድሙ አናጢ ነበር። ወንድማማቾቹ አንዱ ግንብ ሲያቆም ሌላው በሩን እየገጠመ አብረው አርጅተዋል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በአንዲት ጀልባ ግድቡ ላይ ይውሉ ነበር። አናጢው ጣውላ ሲገዛ አያይም፤ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይሄድበታል። «ዓይን ይሸነገላል» ይላል። ሆኖም በስተርጅና የዓይኖቹ ብርሃን እየደከመ መጣና በመጨረሻ የሰው መልክ በጥላ ብቻ የሚለይ ሆነ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ብቻውን ምድጃ መለኮሱ ሲያሰጋ፣ ልጁ ልትወስደው መጣች። የልጅቷ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ወንዝ እንኳ የለበትም። እሑድ ሊሄዱ ተቆረጠ።

አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። መንታው ግንድ የሚባለው ቦታ አንድ ትልቅ ባስ አለ። ወንድማማቾቹ «አጅሬ» ይሉታል። አናጢው በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይዞት ሦስቱንም ጊዜ አምልጦታል። ስለ አጅሬ ሲያወራ ሰው ስለ ክፉ ጎረቤት እንደሚያወራው ነው፤ እየተማረረ፣ ግን ባይኖር እንደሚናፍቀው እያስታወቀበት።

ሐሙስ ዕለት ማጠንጠኛውን በከረጢት ይዞ፣ በልጁ ክንድ ተደግፎ ሱቁ መጣ። ልጅቷ ውጭ ስልክ ልታናግር ስትቀር ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ አጅሬን ልሰናበተው ነው» አለ።

«በምን?» አለው ቀማሹ።

«በምንማ አንተ ንገረኝ። ቀማሹ አንተ አይደለህ?»

ቀማሹ ሦስት ጥቅል አወረደ። ሦስቱም ሃያ ፓውንድ ክብደት የሚችሉ ናቸው። አንደኛውን ገና ሳይፈታው መለሰው፤ ለስላሳ ነው። ሁለቱን ጉቶው ላይ አርባ አርባ ጊዜ አመላለሳቸው። ወንድሙ ጆሮውን ወደ ድምፁ አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ ክሩን ከንፈሩ መሃል አስገብቶ ሳበ። ምንም የለም። ሁለተኛውንም ሳበ። ምንም የለም። የውሃ ጠብታ እንኳ አይሰማው፣ ክር ሊሰማው ነው?

በዚህች ሰዓት ልቡ ፈራ። የሌላው ሰው ክር ቢበጠስ ሌላ ቅዳሜ አለው፤ ወንድሙ ግን ሌላ ቅዳሜ የለውም። «ጋሼ፣ ከንፈሬ ሞቷል፤ እስቲ አንተ በጣትህ እየው» ማለት ነበረበት። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ወንድሙ እዚያው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ከእሱ አሥር እጥፍ የሚያውቁ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል።

«እሺ?» አለው ወንድሙ።

ቀማሹ በልምዱ የሚያምነውን ደረቁን ክር መረጠ። ምርጫው ትክክል ነበር፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። በመሙያው ማሽን ላይ አስገባው፤ ማሽኑ ዝዝዝ እያለ ክሩን በአንዲት የሸክላ ቀለበት አሾልኮ ማጠንጠኛው ላይ ጠመጠመው። ሲያልቅ ጫፉን እንደገና በከንፈሩ ሳበ።

«ጤነኛ ነው ጋሼ።»

«ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ነው።»

ወንድሙም «አንተ ካልክ» ብሎ ማጠንጠኛውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። ቀማሹ ቀዘፈ፤ ወንድሙ ፊት ለፊት ተቀምጦ አየሩን ያሸታል። መንታው ግንድ ጋ ሲደርሱ አናጢው ዓሣ የሚያባብልበትን የጎማ ትል መንጠቆው ላይ በጣቶቹ ሰካ፣ ቋጠሮውን በምራቁ አርሶ አጠበቀ። «በስተግራ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ ወዲህ» እያለ ቀማሹ ይመራዋል፤ እሱ ይወረውራል። አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። አወሩ። እናታቸው ግራና ቀኙ የማይገጥም ጫማ አጥልቃላቸው ትምህርት ቤት የላከቻቸውን ቀን አንስተው ሳቁ።

ከዚያ አናጢው በአረፍተ ነገሩ መሃል ዝም አለ። ክሩን በጣቱ ጫፍ ያዘ።

«መጣ» አለ በቀስታ፣ ሳበም።

ዘንጉ እስከ ውሃው ጎበጠ። አጅሬ እንደ ልማዱ ወደ ግንዱ ነጎደ። አናጢው የማጠንጠኛውን ፍሬን አጠበቀ፣ እግሩን ከጀልባው ወገብ ጋር አጋጥሞ ያዘ፤ ክሩም ያዘ። ግንዱ ጋ ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው የዓሣው ጭንቅላት ዞረ። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገላጣው ውሃ መጣ።

«ዞረልኝ» አለ አናጢው። «ወንድሜ፣ ዞረልኝ።»

ድምፁ የልጅ ሆነ። ቀማሹ መረቡን ይዞ ተንጠራራ። አየው፤ አረንጓዴ ጀርባ፣ የተከፈተ ሰፊ አፍ። በዙሪያው ግንድም አረምም የለም፤ ንጹሕ ውሃ ነው። እዚያ ንጹሕ ውሃ መሃል ክሩ ጧ አለ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አናጢው የቀረውን ክር ቀስ ብሎ ጠቀለለና የተበጠሰውን ጫፍ በአውራ ጣቱና በጠቋሚው መሃል ይዞ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ወንድሙ ጥላ አዞረ።

«ግንዱ ነው አይደል?» አለ። «ግንዱ ጋ ደርሶ ነበር?»

ጥያቄው በለዘበ ድምፅ ነበር የመጣው። ቀማሹ ንጹሑን ውሃ አየ።

«አዎ ጋሼ፣ ግንዱ ነው» አለ።

አናጢው ራሱን ነቀነቀና ጫፉን ለቀቀው። «በቃ እንግዲህ፣ አጅሬ ይኑር» አለ። ቀማሹም ጀልባዋን ወደ ዳር ቀዘፈ።

እሑድ ተሸኘ። ሰኞ ጠዋት ቀማሹ ሱቁን ራሱ ከፍቶ ገባና የመሙያውን ማሽን ፈታታው። የሸክላዋን ቀለበት በአጉሊ መነጽር ሲያያት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቃለች። በእሷ ያለፈ ክር ሁሉ፣ የቱንም ያህል ደረቅ ይሁን፣ በየተወሰነ ርቀቱ እየተላጠ ነው የተሞላው። በደህናው ጊዜ የመጀመሪያው ዙር ላይ ነበር የሚያውቃት። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

እትዬ ሲመጡ ቀለበቷን አሳያቸው። በዚያ ወር ክር የሞሉትን ሁሉ ጠርተን እንደገና እንሙላላቸው አለ፤ እሳቸውም ተስማሙ።

«ግን አንተን እንዴት አመለጠችህ?» አሉት።

«እንጃ እትዬ።»

ዳግመኛ ቃሉን ዋጠ። ለእሳቸው ከመንገሩ በፊት ለወንድሙ መንገር አለበት ብሎ ለራሱ ምክንያት ሰጠ። ምክንያቱ ጥሩ ነበር፤ ጥሩ ምክንያት ደግሞ ብዙ ያስተኛል።

እሑድ እሑድ ይደዋወሉ ነበር። ቀማሹ ከመደወሉ በፊት የሚለውን ነገር ጓዳ ገብቶ ይለማመደው ነበር፤ ሚስቱ በበሩ ትሰማዋለች። ስልኩ ሲነሳ ግን ወሬው ስለ ጉልበት ሕመም ይሆናል፣ ስለ አየሩ ይሆናል፣ ስለ ልጅቷ ቤት ደረጃ ብዛት ይሆናል። ወንድሙ ሁልጊዜ ከመሰነባበታቸው በፊት፣ «ሌላስ? ሌላ ወሬ የለም?» ይለዋል። ቀማሹም «ሌላ ደህና ነው ጋሼ» ይላል። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። እንዲህ ሰባት እሑድ አለፈ። በሰባተኛው ሳምንት ረቡዕ አናጢው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ቀማሹና ሚስቱ ለቀብር ሄዱ። በማግስቱ ለቀስተኛው ሲቀንስ ልጅቷ አባቷ ይተኛበት ወደነበረው ክፍል ጠራችው። አልጋው ተነጥፏል። አልጋው ላይ ከረጢቷ አለች።

«አባዬ ይሄን ላንተ ስጪው ብሎኝ ነበር» አለች።

ማጠንጠኛው ነው። ክሩ ከነበረበት አልተነካም።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ልንገረው ወይስ አልንገረው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት» አለች። «ዓርብ ከሰዓት፣ ግድቡ ላይ በምትወጡበት ዋዜማ፣ ክሩን ከማጠንጠኛው እያወጣ በጣቱ ሲያየው ነበር። 'ቁስል አለው' አለኝ። 'ታዲያ ሌላ እንግዛ፤ ወይ አጎቴ ይቀይርልህ' አልኩት። እምቢ አለ።»

«ምን ብሎ?»

«'ከንፈሩ አይሰማውም' አለኝ። 'ሻይ ሲጠጣ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ ሲል እሰማዋለሁ፤ እሱ አያውቀውም። ክሩን መልሼ ብወስድለት ምን ይሆናል? ዓሣ ዓሣ ነው። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይነግረኛል' አለኝ።»

ቀማሹ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የዓሣው ጭንቅላት ሲዞር የወንድሙ ድምፅ እንዴት እንደነበር ትዝ አለው። ሊበጠስ እንደሚችል እያወቀ ነበር የተደሰተው።

«እሑድ እሑድ ካወራችሁ በኋላ ስልኩን አስቀምጦ፣ 'ዛሬም አልነገረኝም' ይል ነበር» አለች ልጅቷ። «ተቆጥቶ አልነበረም። ዝም ብሎ ነው የሚለው።»

ከሳሎን የወንበር መጎተት ድምፅ ይሰማል። ቀማሹ ማጠንጠኛውን አነሳና ክሩን ጥቂት ክንድ ያህል አወጣ።

«የቱ ጋ ነው?» አላት።

ልጅቷ የአባቷ ጣቶች ናቸው ያሏት፤ ቀጫጭን፣ ረጃጅም። ክሩን ይዛ ወደ ታች ወረደችና ቆመች። «እዚህ ጋ። ይሄውልህ።» የእሱን ጣት አምጥታ እዚያው ላይ አሳረፈችው። በሰኮናው ቆዳ ምንም አልተሰማውም። ቦታውን እንደያዘ አንስቶ ከንፈሩ መሃል አስገባው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በቀስታ ሳበው። መለሰና እንደገና ሳበው።

ልጅቷ ዕንባዋን እየጠረገች ትጠብቀው ነበር።

«ከንፈሬ አይሰማም የኔ ልጅ» አላት። «አይሰማኝም። ከሞተ ዓመት አለፈው።»

መናገሩ እንደፈራው አልነበረም። በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ፣ በስልክም የሚባል ነገር ነበር።